ለዳይኖሰር ጥርስ ስም የሚያወጣው ማነው?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በቅሪተ አካል ገበያ ግን ስም የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሻጩ ነው። ስምንት ሚሊሜትር የማትሞላ፣ ጠርዟ እንደ መጋዝ የሆነ ቡናማ ጥርስ ከደቡብ ምሥራቅ ሞሮኮ ትወጣና «ራፕተር» ተብላ ትሸጣለች። ከአሜሪካዋ ሞንታና የወጣች ሌላ ጥርስ ደግሞ እስከ ቅርብ ጊዜ «የቲ. ሬክስ ግልገል» ስትባል ቆይታ ዛሬ «ናኖታይራነስ» ሆናለች። ጥርሷ ላይ የተጨመረም የተቀነሰም የለም፤ የተቀየረው አብሯት ያለው ወረቀት ብቻ ነው።

የትናንሽ ሥጋ በል ዳይኖሰሮችን ጥርስ የሚሰበስብ ሰው ቁጥሩ ጨምሯል፤ የሚገዛውማ ከዚያም በላይ ነው። ገዢውም ሰብሳቢውም መጀመሪያ የሚጠይቀው «የማን ጥርስ ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን የተገለበጠ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ጥርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከየትኛው ድንጋይ፣ ከየትኛው ቦታ ወጣ?» የሚለው ነው። ይህ ካልታወቀ ስሙ በትክክል ሊታወቅ አይችልም፤ ይህ ከታወቀ ደግሞ ስሙ ነገ ቢቀየር እንኳ ጥርሱ ዋጋውን አያጣም።

ለምን ጥርስ ብቻ?

እነዚህ እንስሳት በሁለት እግራቸው የሚሄዱ፣ ቴሮፖድ ከሚባለው ወገን የሆኑ፣ አንዳንዶቹ ከዶሮ ብዙም የማይበልጡ፣ አንዳንዶቹ የሰው ቁመት የሚያህሉ ነበሩ። አጥንታቸው ስስና ውስጡ ክፍት ስለሆነ ወንዝ ሲያንከባልለው ይደቃል። ጥርሳቸው ግን ኢናሜል በሚባል ጠንካራ ሽፋን የተሸፈነ በመሆኑ አሸዋና ጠጠር መሀል ሳይቀር ይተርፋል። በዚያ ላይ እንደ ሰው አንዴ ብቻ ሳይሆን ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥርስ ይቀይሩ ነበር። በማዳጋስካር የኖረው ማጁንጋሳውረስ የተባለ ሥጋ በል እያንዳንዱን ጥርሱን በሁለት ወር ገደማ ይተካ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አሳይቷል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው)። ይህ ትልቅ እንስሳ ነው፤ ቢሆንም አንድ ሥጋ በል በሕይወት ሳለ ምን ያህል ጥርስ ሜዳ ላይ ጥሎ እንደሚያልፍ ለመገመት ይረዳል።

ስለዚህ ከሚገኙት ውስጥ የሚበዙት እንስሳው በሕይወት እያለ የወለቁ ናቸው። የወለቀ ጥርስ ሥር የለውም። ከሥር የሚመጣው አዲስ ጥርስ የአሮጌውን ሥር ስለሚያሟሟው ታችኛው ክፍል እንደ ጽዋ የጎደጎደ፣ አፉ ያልተስተካከለ ሆኖ ይታያል። ሙሉ ሥር ያለው ጥርስ የሚገኘው እንስሳው ሞቶ መንጋጋው ሲበተን ነው፤ ብርቅ ነው። ሰው ሠራሽ ሥር የሚበዛውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

ከ1856 ጀምሮ ያልጠራ ስም

ችግሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1856 የቅሪተ አካል ተመራማሪው ጆሴፍ ላይዲ ከዛሬዋ ሞንታና የተገኘችን አንዲት ጥርስ አይቶ «ትሮዶን» የሚል ስም ሰጣት፤ ያኔ የእንሽላሊት ነበር የመሰለችው። በቀጣዮቹ ዘመናት ከአላስካ እስከ ቴክሳስ የተገኘው ትልልቅ መጋዝ ያለው ትንሽ ጥርስ ሁሉ በዚያች ስም ተጠራ። በ1987 ፊሊፕ ኪሪ ስቴኖኒኮሳውረስ የተባለውን ከካናዳ የተገኘ እንስሳ በትሮዶን ውስጥ አጠቃለለው። በ2017 ግን የወጡ ጥናቶች ስሙ የተመሠረተባት የመጀመሪያዋ ጥርስ አንዱን ዝርያ ከሌላው ለመለየት እንደማትበቃ ገልጸው ስቴኖኒኮሳውረስን ወደ ቦታው መለሱት። በመቶ ስልሳ ዓመት ውስጥ ስሙ ሰፋ፣ ጠበበ፣ መልሶም አጠራጣሪ ሆነ።

ከዚህ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ዴሪክ ላርሰንና ኪሪ በ2013 ያሳተሙት ሥራ ነው። ከምዕራብ ሰሜን አሜሪካ የተሰበሰቡ ከ1,000 በላይ የትናንሽ ቴሮፖድ ጥርሶችን ለክተው በስታቲስቲክስ አነጻጸሩ። በዓይን አንድ የሚመስሉ ጥርሶች ከተለያየ ዘመን ድንጋይ ሲመጡ በልኬት የሚለያዩ ሆነው ተገኙ። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ በካናዳዋ አልበርታ በዳይኖሰር ፓርክ ፎርሜሽን (ፎርሜሽን ማለት በአንድ ዘመን የተከማቸ፣ ስም የተሰጠው የድንጋይ ንብርብር ነው) ያለው እንስሳ ከ75 እስከ 76 ሚሊዮን ዓመት በፊት ኖረ፣ በሞንታናና በአካባቢዋ የሚገኘው የሄል ክሪክ ፎርሜሽን እንስሳ ደግሞ የዳይኖሰሮች ዘመን ሊያልቅ ሲል፣ ከ66 እስከ 68 ሚሊዮን ዓመት በፊት። በመካከል ወደ አስር ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለ። ስለዚህ ሄል ክሪክ በተገኘ ጥርስ ላይ «ሳውሮርኒቶለስቴስ» ብሎ መጻፍ፣ ያ ስም ለአልበርታው እንስሳ የተሰጠ ነውና፣ ጥርሱን በአስር ሚሊዮን ዓመት ማንከባለል ነው። ሄል ክሪክ የራሱ ድሮሚዮሳውሪድ (በተለምዶ «ራፕተር» ከሚባለው ወገን) አለው፤ በ2013 በላይኛና በታችኛ መንጋጋ ላይ ተመሥርቶ «አኬሮራፕተር» ተባለ። በጥርሱ ጎን ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ሸንተረሮች አሉት። እዚህ ጥርሱ ከመንጋጋው ጋር ስለተገኘ ማነጻጸር ይቻላል፤ መልካም ስም የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

የናኖታይራነስ ጉዳይ ግን አሁን ሰብሳቢውን ሁሉ እያነጋገረ ያለ ነው። በ1942 የተገኘውና በክሊቭላንድ የሚገኘው ትንሽ የራስ ቅል በ1946 የጎርጎሳውረስ ዝርያ ተባለ፣ በ1988 ናኖታይራነስ ተባለ፣ ከ1999 ወዲህ ደግሞ ብዙዎች ያላደገ ቲ. ሬክስ ነው ብለው ዘጉት። በጥቅምት 2025 ኔቸር መጽሔት ላይ ሊንዚ ዛኖና ጄምስ ናፖሊ ያሳተሙት ጥናት በሰሜን ካሮላይና የተፈጥሮ ሳይንስ ሙዚየም ያለውን፣ ከአንድ ቀንዳም ዳይኖሰር ጋር የተገኘውን አጽም መርምሮ እንስሳው ዕድገቱን ያጠናቀቀ እንደነበር፣ ከቲ. ሬክስም የተለየ እንደሆነ አሳየ። «ግልገል ቲ. ሬክስ» እየተባለ ሲጠና የኖረው ጄን የተባለው አጽምም ሁለተኛ የናኖታይራነስ ዝርያ ሆኖ ተሰየመ።

ይህን ሰምቶ መሳቢያ ውስጥ ባሉ ቀጫጭን የታይራኖሰር (የቲ. ሬክስ ወገን) ጥርሶች ላይ ወዲያው አዲስ ስም መለጠፍ ግን ችኮላ ነው። ምክንያቱን እናስብ። «የቲ. ሬክስ ግልገል ጥርስ ይህን ይመስላል» የሚለው እውቀት በአመዛኙ የመጣው ከነዚያው አጽሞች ነበር። እነሱ አሁን የሌላ እንስሳ ከሆኑ፣ የእውነተኛው ግልገል ጥርስ ምን እንደሚመስል የምናውቀው ከቀድሞው ያነሰ ሆነ ማለት ነው። አንዲት ብቻዋን የተገኘች፣ ሁለት ሴንቲሜትር የምትሆን ጥፍጥፍ ጥርስ የአዋቂ ናኖታይራነስ ትሁን የቲ. ሬክስ ጫጩት በእርግጠኝነት የሚለይ ሰው ካለ ማስረጃውን ይዞ ይቅረብ። እስከዚያው «ታይራኖሰር፣ ሄል ክሪክ» የሚለው ወረቀት ይበቃል፤ ውሸትም የለበትም።

ጥርሱን መለካት

ለመለካት ካሊፐር ከሚባለው ዲጂታል መለኪያና 10 እጥፍ ከሚያጎላ ሉፕ (የእጅ ማጉያ መነጽር) በላይ አያስፈልግም። ከ5 ሚሊሜትር በታች ለሆነ ጥርስ ግን ባለ ሁለት ዓይን ማይክሮስኮፕ ካልተገኘ የመጋዙን ጥርሶች መቁጠር ከንቱ ድካም ነው።

ሦስት ልኬት ይወሰዳል። ከጫፍ እስከ ኢናሜሉ ማብቂያ ያለው ቁመት፣ በታችኛው ክፍል ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ ያለው ርዝመት፣ እዚያው ቦታ ከውስጥ ጎን እስከ ውጭ ጎን ያለው ውፍረት። ውፍረቱ ለርዝመቱ ሲካፈል ጥርሱ ምን ያህል ጥፍጥፍ እንደሆነ ይናገራል። ወደ 1 ሲጠጋ ክብ፣ ወደ 0.5 ሲወርድ እንደ ቢላ ነው።

ቀጥሎ ዴንቲክል የሚባሉት ጥቃቅን የመጋዝ ጥርሶች ይቆጠራሉ። በጥርሱ ወገብ ላይ በ1 ሚሊሜትር ውስጥ በፊት ጠርዝ ስንት፣ በኋላ ጠርዝ ስንት? ወደ ጫፍና ወደ ሥር ሲሄዱ መጠናቸው ስለሚለወጥ የሚቆጠረው መሀል ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ፊት ለፊት የሚታየውን፣ ያልተሰበረውን ቦታ መርጦ ጫፍ አካባቢ ይቆጥርና ከመጽሐፍ ጋር አልገጥም ሲለው አዲስ ዝርያ ያገኘ ይመስለዋል።

የፊቱ ቁጥር ለኋላው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ከሁሉም በላይ ይጠቅማል። ይህን ስሌት ያስተዋወቁት ኦሊቨር ራውሁትና ክሪስታ ቨርነር በ1995 ሲሆን የሠሩበትም ጥርስ ከጎረቤታችን ሱዳን፣ ከዋዲ ሚልክ ፎርሜሽን የተገኘ ነበር። በብዙ ድሮሚዮሳውሪዶች የፊቱ ዴንቲክል ከኋላው ያነሰ ስለሆነ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ ይበዛል፤ ውጤቱም ከ1.2 በላይ ይወጣል። በታይራኖሰሮች ሁለቱ ስለሚቀራረቡ ወደ 1 ይጠጋል። ለምሳሌ ቁመቱ 12፣ ርዝመቱ 6፣ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር የሆነ፣ በፊት 7 በኋላ 5 ዴንቲክል የተቆጠረበት ጥርስ ቢገኝ፣ ጥፍጥፍነቱ 0.5፣ የዴንቲክል ልዩነቱ 1.4 ይሆናል። ድሮሚዮሳውሪድን ያስጠረጥራል። ያስጠረጥራል እንጂ አያስፈርድም፤ ድሮሚዮሳውረስ ራሱ፣ ቤተሰቡ በስሙ የተጠራው እንስሳ፣ የፊትና የኋላ ዴንቲክሎቹ የተቀራረቡ ናቸውና። እሱን የሚለየው የፊት ጠርዙ ከጫፉ ብዙም ሳይርቅ ወደ ውስጥ ጎን መጠምዘዙ ነው።

ቅርጽም ይናገራል። የትሮዶንቲድ (የትሮዶን ወገን) ዴንቲክል ጥርሱን ሲያዩት የማይመጥን ትልቅ ነው፣ በአንድ ሚሊሜትር ሁለት ሦስት ብቻ፣ እንደ መንጠቆም ወደ ጫፍ የታጠፈ። የሳውሮርኒቶለስቴስ ዘመዶችም ወደ ጫፍ የተቆለመሙ ዴንቲክሎች አሏቸው፣ ግን ቀጠን ያሉ። ሪቻርዶኤስቴሲያ የሚባለው በተቃራኒው ዴንቲክሉ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ነው፤ አንዱ ዓይነቱ ቀጥ ያለ፣ ሁለት ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ይመስላል። ፓሮኒኮዶን የሚባሉት ደግሞ አንድ ጎናቸው ጠፍጣፋ ሆኖ ሸንተረር አለው፣ መጋዝ ግን የላቸውም። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ስሞች የእንስሳ ስም ናቸው ከማለት የጥርስ ቅርጽ ስም ናቸው ማለት ይቀላል።

በመንጋጋ ውስጥ ያለው ቦታም ቅርጹን እንደሚለውጥ አይዘንጋ። የፊት ጥርስ ከጎን ጥርስ ይወፍራል፤ የታይራኖሰር የፊት ጥርስ ሲቆረጥ ግማሽ ክብ ይመስላል። አብዛኛው የማነጻጸሪያ ልኬት የተወሰደው ከጎን ጥርሶች ስለሆነ፣ የፊት ጥርስን በዚያ መመዘን በሽንኩርት ሚዛን ወርቅ እንደመመዘን ነው።

ከዚያ ደግሞ ጭራሽ የቴሮፖድ ያልሆኑት አሉ። የአዞ ጥርስ ክብና ሾጣጣ ሆኖ ጠርዝ ቢኖረውም በሄል ክሪክ ዴንቲክል የለውም። ራሱ ጎብጦ እንደ ድንጋይ የጠነከረው ፓኪሴፋሎሳውረስ የተባለው ዳይኖሰር የአፉ የፊት ጥርሶች የትናንሽ ሥጋ በሎችን በጣም ስለሚመስሉ ብዙ ሰብሳቢ አሳስተዋል። ኢናሜሉ ሙሉ በሙሉ የተላጠ፣ እንደ ሳሙና የለሰለሰ ጥርስ ሲገኝ ደግሞ በወንዝ የተፋቀ ብቻ ሳይሆን በአዞ ሆድ ውስጥ አሲድ ያገኘው ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለካት መሞከር ትርፉ ድካም ነው።

የሞሮኮው ገበያ

በዓለም ገበያ ርካሽና ብዙ ሆነው የሚገኙት የደቡብ ምሥራቅ ሞሮኮው ከም ከም ጥርሶች ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ 95 እና 100 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። እዚያ «ራፕተር» ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ ብዙዎቹ አቤሊሳውር ከሚባለው አጭር ፊት ካለው ወገን ወይም ከትላልቆቹ ሥጋ በሎች ግልገል የመጡ ናቸው። ሐማዳሱከስ የሚባል የምድር አዞም እዚያው ይገኛል፤ ከሄል ክሪኩ አዞ በተለየ መጋዝማ ጠርዝ ስላለው ጥርሱ እንደ ዳይኖሰር ይሸጣል።

ከሁሉም የሚገርመው «ዴልታድሮሚየስ» የሚለው ወረቀት ነው። ይህ እንስሳ በ1996 የተሰየመው ራስ ቅል በሌለው አጽም ላይ ነው። ራስ ቅል የለም፣ መንጋጋ የለም፣ ጥርስ የለም። እንግዲህ የዴልታድሮሚየስ ጥርስ ብሎ የሸጠ ሰው ያየው ከየት ነው?

እዚያ ያለው ሌላው ጣጣ ጥገና ነው። ቆፋሪው ጉድጓድ ውስጥ የሚያገኘው ስብርባሪ ስለሆነ ከሁለት ጥርስ አንድ ማውጣት፣ አሸዋና ማጣበቂያ ለውሶ ሥር መሥራት፣ የጎደለ ጫፍ መሙላት የተለመደ ነው። ለመመርመር ጨለማ ክፍል ውስጥ 365 ናኖሜትር የሆነ አልትራቫዮሌት መብራት ይበራበታል፤ ብዙ ማጣበቂያዎች ከጥርሱ በተለየ ቀለም ያበራሉ። ሉፕ ይዞ ኢናሜሉ ላይ ያሉ ደቃቅ መስመሮች ስንጥቁን ተሻግረው ይቀጥሉ እንደሆነ ይታያል። በሞረድ የተቀረጸ መጋዝ ክፍተቱ እኩል እኩል፣ ግርጌው ስለታም ነው፤ እውነተኛው ዴንቲክል ግን የተጠጋጋ ጫፍ አለው፣ መጠኑም ወደ ሁለቱም ዳር እየቀነሰ ይሄዳል። ሥሩ ላይ በጥጥ አሴቶን ነካ ማድረግም ይጠቅማል፤ ቀለምና አሸዋ ከወጣ ነገሩ ግልጽ ነው። በሥርዓት የተጠገነ የሙዚየም ዕቃም ግን በአሴቶን ይለቃል፤ ስለዚህ የራስ ባልሆነ ዕቃ ላይ አይሞከርም።

ከመሬት እስከ መሳቢያ

በተፈቀደ ቦታ መሰብሰብን ስናነሳ የሚፈለገው ትልቅ አጥንት ያለበት ኮረብታ ሳይሆን የጥንት ወንዝ ጠጠርና የጭቃ ኳሶችን ያከማቸበት የአሸዋ ድንጋይ ግርጌ ነው። ውኃ እኩል ክብደት ያላቸውን ነገሮች አንድ ቦታ ስለሚጥል የዓሣ ቅርፊት፣ የኤሊ ጀርባ ስብርባሪና የአዞ ጥርስ የበዛበት ላይ ትናንሽ የቴሮፖድ ጥርሶችም ይኖራሉ። በሄል ክሪክ ቀዳሚው ምልክት «ጋር» የተባለው ዓሣ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቅርፊት ነው። ዝናብ ካጠበው በኋላ፣ ፀሐይ ዝቅ ስትል፣ በጉልበት እየዳኹ ነው የሚታየው። ቆሞ የሚሄድ ሰው የ4 ሚሊሜትር ጥርስ አያይም።

እህል ለቃሚ ጉንዳኖችም ረዳት ናቸው። ጎጇቸውን በጠጠር ስለሚሸፍኑ ጥርስም አብረው ይጎትታሉ፤ ጆን ቤል ሃቸር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዋዮሚንግ የጥንት አጥቢ እንስሳትን ጥርስ ከጉንዳን ቁልል ላይ ይለቅም ነበር። ችግሩ ጉንዳን ከዙሪያው ሁሉ ስለሚሰበስብ ጥርሱ ከየትኛው ንብርብር እንደመጣ አይታወቅም። ወረቀቱ ላይ «ከጉንዳን ቁልል» ተብሎ ካልተጻፈ መረጃው አሳሳች ይሆናል።

በወንፊት ማጠብ የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ጭቃ ድንጋዩ መጀመሪያ ፍጹም መድረቅ አለበት፤ በፀሐይ ሁለት ቀን ተሰጥቶ። እርጥበት የቀረው ጭቃ ውኃ ሲገባ አይፈርስም፣ ይልቁንም እንደ ሊጥ ይሆናል፤ ጀማሪዎች «ይህ አፈር እንቢ አለ» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ሳያደርቁት ነው። የደረቀው በ20 ሊትር ባልዲ ውስጥ እስከ ሲሶው ብቻ ይደረግና ውኃ ይፈስበታል፣ ሳይነካ ያድራል። ጠዋት ቀስ ብሎ በተደራረበ ወንፊት ላይ ይገለበጣል፤ ከላይ 4 ሚሊሜትር፣ መሀል 1 ወይም 2፣ ከታች 0.5። ወንፊቱ ገንዳ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቃነቃል። በቧንቧ ግፊት የሚያጥብ ሰው የዴንቲክሎቹን ጫፍ አብሮ ያጥባል። በእጅ ማሸትም እንዲሁ።

አልፈርስ ያለው ጭቃ እንደገና ደርቆ ላምባ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ይዘፈዘፋል፤ ላምባው ተደፍቶ ውኃ ሲጨመርበት ይበታተናል። ይህ ከቤት ውጭ፣ ከእሳት ርቆ የሚሠራ ነው፤ የቀረውም ላምባ መሬት ላይ አይደፋም። ኮምጣጤ ግን አይነካም። ጥርስ ከካልሲየምና ከፎስፌት የተሠራ ስለሆነ ያልተመጠነ አሲድ ድንጋዩን ትቶ ጥርሱን ሊበላ ይችላል።

ከወንፊት የቀረው በጥላ ይደርቃል። በፀሐይ ቶሎ የደረቀ ጥርስ ኢናሜሉና ውስጡ እኩል ስለማይኮማተሩ ይሰነጠቃል። ከዚያ በማንኪያ እየተቆነጠረ ጥቁር ሣህን ላይ ይዘረጋና በረጠበ ቀጭን የሥዕል ብሩሽ ጫፍ ይለቀማል። አንዱ የለቀመውን ሌላ ሰው ቢደግመው ሁልጊዜ የቀረ ነገር ይገኛል።

የተሰነጠቀ ጥርስ ፓራሎይድ ቢ-72 በተባለ ሙጫ ይጠናከራል፣ 5 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር አሴቶን ተሟሙቶ በጠብታ። ለማጣበቅ የሚሆነው እንደ ማር እስኪወፍር ድረስ ብዛቱ የተጨመረው ነው። ሱፐር ግሉ ፈጣን ቢሆንም ከዓመታት በኋላ ይቢጫል፣ ይሰባበራል፣ በንጽህና ለማስለቀቅም ያስቸግራል። በተለይ ዴንቲክሎቹ መሀል ከገባ ከዚያ ወዲያ የሚቆጠር ነገር የለም።

ወረቀቱስ? በእርሳስ ወይም በማይደበዝዝ ቀለም፣ አሲድ በሌለው ወረቀት ላይ፣ የጂፒኤስ ነጥብ፣ ፎርሜሽን፣ ከአንድ ከሚታወቅ ንብርብር ስንት ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ፣ ከመሬት ገጽ ተለቀመ ወይስ በወንፊት፣ ቀኑ፣ የመሬቱ ባለቤት ፈቃድ። ለጥርሱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ ብልቃጡ ላይም መዝገቡም ላይ ይሰፍራል። የእንስሳው ስም በመጨረሻ፣ በተለየ ወረቀት፣ ማን መቼ እንደሰየመው ተጽፎ ይገባል። አዲስ ስም ሲመጣ አሮጌው ወረቀት አይጣልም፤ አዲሱ ከላይ ይጨመርበታል። ሙዚየሞች ውስጥ በአንድ ጥርስ ላይ አራት ስም ተደራርቦ ማየት ያልተለመደ አይደለም።

ማን ይሰበስባል፣ ማንስ አይችልም?

አሜሪካ ውስጥ ሕጉ የሚወሰነው በመሬቱ ባለቤት ነው። በ2009 የወጣው የፓሊዮንቶሎጂ ሀብት ጥበቃ ሕግ በፌዴራል መሬት ላይ ያለ የአከርካሪ እንስሳ ቅሪተ አካል፣ አንዲት የ3 ሚሊሜትር ጥርስም ብትሆን፣ ያለ ሳይንሳዊ ፈቃድ እንዳይነሳ ይከለክላል። በአንዳንድ የፌዴራል መሬቶች ላይ ለራስ የሚሆን ጥቂት የቀንድ አውጣና የዕፅዋት ቅሪት ማንሳት ይቻላል፤ ዳይኖሰር ግን አይካተትም። በግል መሬት ላይ የተገኘ የባለመሬቱ ነው። ሞንታና ውስጥ የመሬት ውስጥ ማዕድን መብት ያላቸው ሰዎች «ቅሪተ አካልም ማዕድን ነው» ብለው የከፈቱት ክርክር ከዓመታት በኋላ በ2020 የተቋጨው ማዕድን አይደለም ተብሎ ነው። ክርክሩን ካስነሱት ቅሪቶች አንዱ ከላይ ያነሳነው ከቀንዳሙ ጋር የተገኘው ናኖታይራነስ ነው። ዴንቨር ወይም ሲያትል ያለ ወገን ለሽርሽር ወደ ሞንታናና ዋዮሚንግ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው የመሬት ባለቤትነት ካርታ ሊሆን ይገባል፤ ሜዳው ላይ አጥር አለመኖሩ የማንም አይደለም ማለት አይደለም።

ካናዳዊቷ አልበርታ ቅሪተ አካልን የክፍለ ሀገሩ ንብረት አድርጋ ይዛለች፤ በባለመሬቱ ፈቃድ ከመሬት ገጽ ማንሳት ቢቻልም ያነሳው ሰው ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይሆንም፣ ያለ ፈቃድም ከአልበርታ አያወጣውም። ሞንጎሊያ ቅሪተ አካል ከአገር እንዳይወጣ ጨርሶ ትከለክላለች። ሞሮኮም ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ትከለክላለች፤ ገበያው ግን እንደምናየው ነው። ስለዚህ የሞሮኮ ጥርስ የሚገዛ ሰው የመውጫ ፈቃዱን ቅጂ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ሻጩ ከሳቀ መልሱ ታውቋል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ኢትዮጵያ ስሟ የሚነሳው በሰው ዘር ቅሪት ቢሆንም የዳይኖሰር ጥርስም አላት። በሰሜን ምዕራብ ደጋ፣ የአባይ ገባሮች በቆረጧቸው ሸለቆዎች ውስጥ የሚታየው የሙገር ጭቃ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን ማብቂያ፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተከማቸ ነው። ማርክ ጉድዊንና ባልደረቦቹ በ1999 ከዚያ ያወጧቸውን የዓሣ፣ የኤሊ፣ የአዞና የዳይኖሰር ቅሪቶች አሳተሙ። በ2007 ደግሞ ከዚያው ድንጋይ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የጁራሲክ አጥቢ እንስሳ በአንዲት ትንሽ ጥርስ ታወቀ። በዚያ ዘመን ከአፍሪካ የሚታወቀው የብስ እንስሳ ጥቂት ስለሆነ ከዚህ ድንጋይ የወጣች አንዲት የቴሮፖድ ጥርስ ከሄል ክሪክ ከሚወጡ መቶዎች የበለጠ ልትናገር ትችላለች።

እዚህ ግን ሰብሳቢ የሚባል ነገር የለም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (ዓ.ም.) መሠረት ቅርስ ፍለጋ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ሳያስበው ያገኘም ሰው ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ አለበት። ሸለቆ ውስጥ ከብት ሲጠብቅ ወይም ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ሲያወጣ መጋዝማ ጠርዝ ያላት የምታብረቀርቅ ነገር ያየ ሰው ባያነሳት ይመረጣል። ከአጠገቧ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጦ በቅርብ ያንሳት፣ ከዚያ ሃያ እርምጃ ወደኋላ ሄዶ ገደሉና ንብርብሩ በሙሉ እንዲታይ ሁለተኛ ፎቶ ያንሳ፣ ስልኩ የሚያሳየውን የቦታ ቁጥር ይጻፍና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያድርስ። የሚረሳው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ፎቶ ነው፤ ጥርሷ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣች ለባለሙያው የሚነግረው ደግሞ እሱ ነው።